ዶሚኒካ ደርሼ መጣሁ (ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አላልኩም!!)

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሁለት ሳምንት ዶሚኒካ ከርሜ ትናንት ማታ ገባሁ፣ ሻንጣዬ ግን እስካሁን ሳንቶ ዶሚንጎ ነው። ሳንቶ ዶሚንጎ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ነው፣ ሌላ አገር፣ ስፓኒሽ የሚወራበት፣ የኔ እግር ረግጦት አያውቅም። ኤርፖርት ሻንጣ የተቀበለችኝ ልጅ ዶሚኒካ ስላት እሺ እሺ ብላ ታጉን አሰረችው፣ እኔም ሳላነበው ወደ ፍተሻ ሮጥኩ፣ ይኸው ነው። ልብሱስ ይቅር፣ ውስጡ ለድሮ አከራዬ የያዝኩላት ሁለት ኪሎ የእናቴ በርበሬ ነበረ፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ ይሄን የከፈትኩት ግማሹ ለብስጭቴ ግማሹ ደሞ ለስሟ ነው። ዶሚኒካ ያልኩት ሰው ሁሉ "ፑንታ ካና እንዴት ነው?" ነው የሚለኝ፣ የዛኛውን አገር ቢች። እናቴ ራሷ ለማህበሯ ሴቶች እንደዛ ነግራ ጨርሳለች። አይደለም! ዶሚኒካ በጓዴሎፕና በማርቲኒክ መሀል ጉብ ያለች፣ ስፋቷ 750 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ (አዲስ አበባን አንድ ተኩል ብታደርጓት)፣ ህዝቧ 70 ሺህ አካባቢ የሆነ ደሴት ናት። የመንግስት ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ቤት ውስጥና ገበያ ላይ ግን ከፈረንሳይኛ የወጣ ክሪዮል ያወራሉ። ኮሎምበስ ያያት እሁድ ቀን ነው፣ ኖቬምበር 3፣ 1493፣ ለዛ ነው በላቲን "እሁድ" ብሎ የሰየማት። ከእንግሊዝ ነጻ የወጡትም ኖቬምበር 3 ቀን ነው፣ በ1978። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው አትቀየሙኝ።) ከኮሎምበስ በፊት የነበሩት ሰዎች ግን ዋይቱኩቡሊ ነው የሚሏት፣ "ቁመቷ ረጅም" እንደማለት። ይሄኛው ነው ልኳ። ከጀልባ ላይ ሆናችሁ ስታዩዋት ደሴት ሳይሆን ተራራ ነው የምታዩት፣ ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ። ትልቁ ሞርን ዲያብሎቲን 1,447 ሜትር ነው፣ ለደጋ ሰው ቁጥሩ ምንም አይደለም ግን ይሄ ከባህሩ ጠርዝ ነው የሚነሳው፣ ሽቅብ ስታዩት አንገታችሁን ያማችኋል።

እኔ ከ2016 እስከ 2017 ሰሜን ላይ ፖርትስማውዝ የምትባል ከተማ ሜዲካል ስኩል ተምሬያለሁ። ማሪያ የሚባለው ሄሪኬን ከመጣ በኋላ ተመልሼ አላውቅም፣ ዘንድሮ ነው እግሬን ያነሳሁት። ጠይቁኝ፣ ስራ የምገባው ሰኞ ነው።

ቦሌ_ሚካኤል77፦
ቆይ ቆይ፣ ስለዚህ እነዛ ቤዝቦል የሚጫወቱት እነሱ አይደሉም ማለት ነው? እኔ እስከዛሬ አንድ አገር በሁለት ስም የሚጠራ ነበር የሚመስለኝ ሃሃሃ

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
አይደሉም ወንድሜ 😂 እነዚህ ክሪኬት ነው የሚያብዱለት።

ሙሽሪት_ዳላስ፦
እህቴ በጣም አሪፍ ሰአት ላይ ነው የጻፍሽው፣ ከሰርጋችን በኋላ የሆነ ደሴት እንሂድ እያልን እየተጨቃጨቅን ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ኮኮናት ውስጥ የተሰካ ስትሮ ምናምን አለ? እውነቱን ንገሪኝ።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
እውነቱን ከፈለግሽ የኔ ቆንጆ፣ ለነጭ አሸዋ ባርቤዶስ ወይ አንቲጓ ሂዱ። እዚህ አብዛኛው ቢች ጥቁር ነው፣ የእሳተ ገሞራ አሸዋ። ሜሮ የሚባለው ጋ ሄደሽ ብትተኚ ከሰል ላይ የተጋደምሽ ነው የሚመስለው፣ ከሰአት ደሞ እግር ያቃጥላል። ውሃው ግን ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ነው።

ባህሩን ከወደዳችሁ ግን ወደ ደቡብ ሻምፓኝ የሚባል ቦታ አለ። ማስክ አድርገሽ ፊትሽን ውሃው ውስጥ ስትነክሪ ከታች ከድንጋዩ ስንጥቅ አረፋ ፍልቅ ፍልቅ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ በሺህ የሚቆጠር፣ አምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የገባሽ ነው የሚመስልሽ። ከምድር ውስጥ የሚወጣ ጋዝ ነው፣ አንዳንድ ቦታ እጅሽን ብታስጠጊ ይሞቃል። ከሱ አለፍ ብላችሁ ስኮትስ ሄድ የምትባል የአሳ አጥማጆች መንደር አለች፣ መሬቷ በጣም ከመቅጠኗ የተነሳ መሀሏ ላይ ቆመሽ በግራሽ ካሪቢያን ባህር በቀኝሽ አትላንቲክ፣ አንዱ ዝም ያለ አንዱ የሚደነፋ። ባልሽ ሊሆን ያለውን ሰው እዛ አቁመሽ አንዱን ምረጥ በይው ሃሃ

ግን ደጋግሜ ልንገርሽ፣ ዝናብ አለ። ጠዋት ጸሀይ፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ዝናብ፣ ከዛ ቀስተ ደመና፣ ከዛ ደሞ ዝናብ። ሰዉ "በዓመቱ ቀን ልክ 365 ወንዝ አለን" ይላል፣ ማን እንደቆጠረው እንጃ። ጫማሽ የማይደርቅበት ሀኒሙን ከፈለግሽ ነይ።

ጋሽ_አትሌቲክስ፦
ልጄ እንኳን በሰላም ገባሽ። እኔ ይቺን አገር የማውቃት በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቲያ ላፎንድ። ፓሪስ ኦሎምፒክ ኦገስት 3፣ 2024 በስሉስ ዝላይ 15.02 ሜትር ዘላ ወርቅ የወሰደችው። ለአገሯ በታሪክ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው፣ ነሀስ እንኳን አልነበራቸውም። የሚገርመው በዛችው ምሽት የጎረቤቷ የሴንት ሉቺያ ልጅ ጁሊየን አልፍሬድ መቶ ሜትሩን በ10.72 አሸንፋ እሷም ለአገሯ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ወሰደች። ሁለት ነቁጥ የሚያካክሉ ደሴቶች በአንድ ሌሊት። እኔ ቲቪው ፊት ቆሜ ነበር ያጨበጨብኩት፣ የኛ ልጆች ስለማይወዳደሩበት ያለ ጭንቀት ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ጋሽዬ እንኳን አነሱት፣ እዛ ስሟን ብቻ ጠርተው ቢሆን ኖሮ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነበር የሚያወራዎት።

የሰመራ_ጋይድ፦
የሚፈላ ሀይቅ አለ ይባላል። እኛ ኤርታሌ ያለን ሰዎች ስለሆንን በቀላሉ አንደነቅም 😎 እስቲ አውሪን።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
እሺ ተቀመጥ ረጅም ነው።

ተማሪ እያለሁ "ነገ እሄዳለሁ" ስል ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሄድ ነው የወጣሁት፣ ፈተና ነበረብኝ ምናምን። ዘንድሮ መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነው። መነሻው ላውዳት የምትባል ተራራ ላይ ያለች መንደር ናት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰአት ላይ ጋይዳችን (ስድሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ በቦቲ ጫማ የሚሄድ ሰውዬ) ቆጠረንና ተነሳን። ለመሄድ ሶስት ሰአት ለመመለስ ሶስት ሰአት በሉት፣ ለኔ አራት አራት ሆነብኝ። መንገዱ ሁሉ ደረጃ ነው፣ እንጨት እየጣሉ የሠሩት፣ ጭቃው እንጨቱን ይበላና እግርሽ ባዶ ላይ ይገባል። መሀል ላይ ብሬክፋስት ሪቨር የሚባል ወንዝ አለ፣ የሚጠጣ ውሃ የምትቀጂው የመጨረሻው ቦታ እሱ ነው፣ ከሱ በኋላ ያለውን ውሃ እንዳትነኩት አለን ሰውዬው። ከዛ ሞርን ኒኮልስ የሚባለውን አቀበት ወጣን፣ አናቱ ላይ ንፋሱ ሰው ይገፋል፣ ደመናው በአፍንጫ ይገባል። ከላይ ሆኖ ወደ ማዶ "ያ ጭስ ይታይሻል?" አለኝ። ታየኝ። "እዛ ነው" አለ። ማልቀስ አማረኝ።

ቁልቁለቱ የሆነ ቦታ ላይ ገመድ ተይዞ ነው የሚወረደው፣ ታች ስንደርስ አረንጓዴው ነገር በአንዴ ቆመ። ቫሊ ኦፍ ዴሶሌሽን ይሉታል። ዛፍ የለም፣ ወፍ የለም፣ መሬቱ ቢጫና ነጭ ዝገት የመሰለ፣ ከየጉድጓዱ እንፋሎት ፊሽሽሽ ይላል፣ ጅረቱ አንዱ ወተት የመሰለ አንዱ ጥቁር እንደ ቀለም፣ ጎን ለጎን የሚወርዱ። ሽታው ያው የበሰበሰ እንቁላል። እናም ሰውዬው ከቦርሳው እንቁላል አወጣ! በፌስታል አስሮ ከሚንተከተከው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠና ቆሞ ጠበቀ፣ ከዛ ልጦ በጨው ለሁሉም አደለ። እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ። ስድስት ፈረንጅ በዓለም ታዋቂ የሆነ እንቁላል ሲበላ ቆሜ አየሁ፣ እኔ ኮሾሮ እየቆረጠምኩ። "ሪሊጅን?" አለኝ ሰውዬው፣ አዎ ስለው "ሪስፔክት" ብሎ ከብርቱካኑ ግማሹን ሰጠኝ።

ሀይቁ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ እንፋሎት ብቻ። የገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ከዛ ንፋስ መጣና እንደ መጋረጃ ገለጥ አደረገው። ስፋቱ ስልሳ ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው አመድማ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ግን የፈላ ድስት ነው፣ ውሃው ጉልበት ኖሮት ወደ ላይ ይወረወራል፣ ድምጹን ደረትሽ ላይ ነው የምትሰሚው። በ1875 ሰዎች ጠርዙን ለክተው ከ82 እስከ 91.5 ዲግሪ አግኝተውታል። መሀሉን ማን ሄዶ ይለካል።

ስንመለስ ቲቱ ጎርጅ የሚባል ጠባብ የድንጋይ ጉሮሮ ውስጥ ዋኘሁ፣ ውሃው በረዶ ነው፣ ጉልበቴ እዛ ነው ነፍስ የዘራው። በማግስቱ ደረጃ በቂጤ ነው የወረድኩት ይቅርታ።

የሰመራ_ጋይድ፦
እሺ ሪስፔክት። ግን ማስተካከያ ላስገባ፣ ኤርታሌ ላቫ ነው፣ የቀለጠ ድንጋይ፣ ይሄ ደሞ ውሃ ነው። ከታች ያለው ማግማ ጋዙን በስንጥቅ ይልካል፣ የዝናብ ውሃና ጅረት ከላይ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ ጋዙ ያፈላዋል። ባጭሩ ጎርፍ የገባበት የእንፋሎት ጉድጓድ ማለት ነው። ከዳሎል ጋር ነው መወዳደር ያለበት። ደሞ "በዓለም ትልቁ" እንዳትሉ፣ ኒውዚላንድ ያለው ይበልጣል።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
እኔ የት ላይ ትልቁ አልኩ?? 😂 ግን ልክ ነህ እዛም ሁለተኛ ነን ነው የሚሉት። ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው ያልከው እውነት ነው፣ ከ2004 መጨረሻ እስከ 2005 ሀይቁ ጎድሎ ደርቆ ነበር አሉ፣ ከዛ እንደገና ሞላ። አካባቢው በሙሉ ሞርን ትሯ ፒቶን የሚባል ፓርክ ነው፣ ዩኔስኮ በ1997 መዝግቦታል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። እዛ ሀይቅ አጠገብ የሚያደርስ ኬብል ካር እየሠሩ ነው። አዛውንቶችና እግራቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎች ማየት አለባቸው፣ እሱን አልቃወምም። ግን ከመርከብ ወርዶ በሀያ ደቂቃ ደርሶ ሰልፊ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ያንን ጸጥታ ያገኘዋል? ጋይዳችን ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀና "ጉልበቴም እኮ ያረጃል" አለኝ። ዝም አልኩ።

ከቦንጋ፦
ሁዳዴ ላይ ነበርኩ ካልሽ ምን በላሽ? ደሴት ሲባል አሳ ብቻ ነው የሚመስለኝ።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
እሱን ስትጠይቅ ደስ አለኝ፣ የቦንጋ ሰው ከሆንክ ደሞ የበለጠ ይገባሃል። ዳሺን የሚሉት ነገር አለ፣ ገበያ ላይ ተከምሮ አየሁትና ዝም ብዬ ቆምኩ። ጎደሬ ነው! ራሱ ጎደሬ፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ የመሰለው። ስሩን ይቀቅሉታል፣ ቅጠሉን ደሞ ከኮኮናት ወተት ጋር ካላሉ የሚባል አረንጓዴ ሾርባ ያደርጉታል። ሸርጣን ይገባበታል ግን አከራዬ ለኔ ያለ ሸርጣን ሠራችልኝ። የዳቦ ፍሬ የሚሉትም አለ፣ ኳስ የሚያክል፣ ሙሉውን ከሰል ላይ ይጥሉታል፣ ጥቁር ሲሆን ልጠው ይበሉታል፣ በድንችና በዳቦ መሀል ያለ ነገር። እነዚህን ስራስር ሁሉ በአንድ ላይ "ፕሮቪዥን" ነው የሚሏቸው። ለጾመኛ ገነት ነው።

ከቦንጋ፦
የጎደሬ ቅጠል ሾርባ? በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ አይበላም እንዴ? እኛ ስሩን ራሱ ቶሎ ካወጣነው አፍ ያሳክካል።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ያሳክካል! አንድ ቀን ቸኩዬ ራሴ ሠርቼው መርፌ የዋጥኩ መሰለኝ። አከራዬ ሳቀችብኝና ምድጃው ላይ መልሳ ጣደችው። በደንብ መንተክተክ አለበት፣ በቃ ቅጠል መሆኑ እስኪጠፋ።

አንድ የሚገርም ነገር፣ ካላሉ ብሄራዊ ምግባቸው የሆነው በ2013 ነው። ከሱ በፊት "የተራራ ዶሮ" ነበር።

ጥያቄ_አለኝ፦
የተራራ ዶሮ? ቆቅ ማለት ነው?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
እንቁራሪት ነው።

ጥያቄ_አለኝ፦
በስመአብ።

ቦሌ_ሚካኤል77፦
😂😂😂 ክሩን እዚህ ጋ ልዝጋው?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ሃሃሃ ቆዩ እኔም አልበላሁም፣ አሁን ማንም አይበላም። በጣም ትልቅ እንቁራሪት ነው፣ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ እግሩን ጠብሰው ነበር የሚበሉት። በ2002 የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ ገባና በሁለት ሶስት ዓመት ውስጥ ጨረሰው ማለት ይቻላል። ማደን ተከለከለ፣ ብሄራዊ ምግብነቱም ተነሳ። አከራዬ "ድሮ ማታ ማታ ተራራው ሁሉ ሲጮህ እንቅልፍ ይነሳን ነበር፣ አሁን ጸጥታው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ" ትላለች።

ሻሸመኔ_ልጅ፦
ራስታዎች አሉ? ጃንሆይስ እዛ ሄደው ነበር?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ጃንሆይ በ1966 የሄዱት ትሪኒዳድ፣ ጃማይካና ሄይቲ ነው። ራስታ ግን አለ፣ ከተራራው ላይ አትክልት እያወረደ የሚሸጥልሽ ሰው ብዙ ጊዜ ድሬድ ነው፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትያቸው ዋጋ ይቀንሳሉ (ሞክሬዋለሁ አላፍርም)።

ግን የሚያሳዝን ታሪክ አላቸው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። በ1974 መንግስት "ድሬድ አክት" የሚባል ህግ አወጣ። ጸጉሩን ድሬድ ያደረገ ሰው ያለ ዋራንት ይታሰራል፣ ከዛም አልፎ ሰው ቤት ውስጥ ያለፈቃድ የተገኘን ድሬድ የገደለ አይጠየቅም የሚል ነበረበት። ነፍስ ይማር ነው እንጂ ምን ይባላል፣ ስንቱ ጫካ ገባ። ህጉ የተሻረው በ1981 ነው። አንድ ሽማግሌ አትክልት ሻጭ "ያኔ ጸጉሬን የቆረጠችው እናቴ ናት፣ እያለቀሰች" ብሎኛል። አሁን እስከ ወገቡ ወርዷል።

ሻሸመኔ_ልጅ፦
ኧረ ይሄን ጭራሽ አልሰማሁም። እኛ ጋ ያሉት አብዛኞቹ ከጃማይካ ናቸው፣ ከሌሎቹ ደሴቶች የመጡም አሉ። ነገ ሄጄ አንዱን ሽማግሌ እጠይቃለሁ።

ነጠላ_ጫማ፦
ክሪዮሉን ትሰሚያለሽ?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ሰላምታውን ብቻ። "ሳ ካ ፌት?" ይሉሻል፣ ምን አዲስ እንደማለት። መልሱ "ሙዌን ላ" ነው፣ ቃል በቃል "አለሁ"። ደህና ነኝ አይደለም፣ አለሁ። እኛም እኮ እንደዛ ነው የምንለው! መጀመሪያ ሲነግሩኝ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

ለሙዚቃው ከሆነ ኦክቶበር መጨረሻ ሂዱ፣ የክሪዮል ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ፣ ከ1997 ጀምሮ፣ ሶስት ሌሊት ሙሉ ማንም አይተኛም። በዛው ሳምንት አርብ ሰዉ ሁሉ ማድራስ የሚባለውን ባለመስመር ጨርቅ ለብሶ ነው ስራ የሚሄደው፣ ባንክ ያለችው ልጅ ሳትቀር።

ጥያቄ_አለኝ፦
ቅድም ከኮሎምበስ በፊት የነበሩ ሰዎች ያልሻቸው ጠፍተው ነው ወይስ አሉ?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
አሉ! ካሊናጎ ይባላሉ። ፈረንጆቹ ካሪብ ሲሏቸው ነበር፣ ካሪቢያን የሚለው ስም ራሱ ከነሱ ነው የመጣው። ተራራው ነው ያተረፋቸው፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲዋጉ እነሱ ወደ ምስራቁ ጠረፍ ሸሹ። በ1903 የእንግሊዙ አስተዳዳሪ 3,700 ኤከር መሬት ከለለላቸው፣ አሁን ሶስት ሺህ የሚሆን ሰው እዛ ይኖራል፣ አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። መሬቱ የጋራ ነው፣ ማንም አይሸጠውም አይገዛውም፣ ስለዚህ ባንክ በመሬት አስይዞ ብድር የሚባል ነገር የለም፣ ወጣቶቹ በዚህ ያማርራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ደሞ "ይሸጥ ቢባል ኖሮ ዛሬ ሆቴል ነበር" ይላሉ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ።

ነጠላ_ጫማ፦
የማይሸጥ የማይለወጥ መሬት... የሆነ ቦታ የሰማሁት ይመስለኛል 🙄

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ፖለቲካ እዚህ አታስገባ በናትህ 😂

አንዲት ሴትዮ በር ላይ ተቀምጣ ቅርጫት ስትሠራ ሁለት ሰአት አብሬያት ቁጭ አልኩ። ላሩማ የሚባል ቄጠማ መሳይ ነገር ነው፣ በጥርሷ ይዛ በቢላ ትሰነጥቀዋለች። ጥቁሩ ቀለም ከምን እንደሆነ ስጠይቃት ወደ ረግረጉ ጠቆመችኝ፣ ጭቃ ውስጥ ለቀናት ቀብረውት ነው የሚጠቁረው። ትልቁ ቅርጫት ድርብ ነው፣ በሁለቱ መሀል ሰፋፊ ቅጠል ይገባበታል፣ ዝናብ አያስገባም። እናቴ የሰፌድ ሰው ስለሆነች ፎቶ ላኩላት፣ የመለሰችልኝ "ጠርዙን እንዴት እንደቋጨችው አሳይኝ" ብቻ ነው። ሴትዮዋ ስልኩን ተቀብላ ቪዲዮ ላይ ቀስ ብላ አሳየቻት፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በእንግሊዝኛ እያወሩ ተግባቡ።

ከ2023 ጀምሮ የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ሲልቫኒ በርተን ካሊናጎ ናቸው፣ ሴትም ናቸው፣ በሁለቱም የመጀመሪያዋ።

ጋሽ_አትሌቲክስ፦
ልጄ ስለ ሄሪኬኑ ጀምረሽ አልጨረስሽም። ካስቸገረሽ ተይው።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ኧረ ምንም አይደል ጋሽዬ፣ ጊዜው ሄዷል።

ሴፕቴምበር 18፣ 2017፣ ሰኞ ማታ። ጠዋት ላይ ይሄን ያህል ይከብዳል ያለ ሰው አልነበረም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ነው አብጦ ካቴጎሪ 5 የሆነው፣ ንፋሱ በሰአት ከ260 ኪሎሜትር በላይ። እኔ፣ አከራዬና ሁለት ጎረቤት ልጆች ሻወር ቤት ውስጥ ገባን፣ ኮንክሪት ጣራ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ፍራሽ በሩ ላይ ደገፍን። ድምጹን ሰዎች እንደ ባቡር ይሉታል፣ ለኔ ግን ሰው ነበር የሚመስለኝ፣ የሚጮህ ሰው፣ ትንፋሽ የማይወስድ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ፌስቡክ ላይ የቤታቸው ጣራ መሄዱን ጽፈው ነበር፣ ከዛ ኔትወርኩ ጠፋ። አከራዬ ሌሊቱን ሙሉ በክሪዮል መዝሙር ስትዘምር እኔ ውዳሴ ማርያም ስደግም ነጋ።

ጠዋት በሩን ከፍተን ስንወጣ ያየሁት ቤት የፈረሰውን አይደለም፣ ተራራውን ነው። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቅጠል የለም። ያ ሁሉ ጫካ ክብሪት የተሰካበት ነው የመሰለው፣ ቡናማ፣ የተቃጠለ ሳይሆን የተላጨ። ከ60 በላይ ሰው ሞተ ወይ የገባበት ጠፋ፣ ጉዳቱ የአገሪቱ የዓመት ገቢ ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። እኛን ተማሪዎቹን በጀልባ ወደ ሴንት ሉቺያ አወጡን። ትምህርት ቤቱም አልተመለሰም፣ ባርቤዶስ ገባ፣ ፖርትስማውዝ ላይ ለተማሪ ቤት አከራይቶ ምሳ ሸጦ የሚኖረው ሰው ሁሉ ባዶውን ቀረ። የኔ አከራይ ከነሱ አንዷ ናት። አራት ክፍል አላት፣ ሶስቱ አሁንም ዝግ ነው።

ዘንድሮ ስደርስ ታክሲው ተራራውን ሲዞር አረንጓዴውን አየሁና ሹፌሩ እስኪደነግጥ አለቀስኩ።

ሙሽሪት_ዳላስ፦
😢 እኔም አለቀስኩ። ወፎቹስ? ባንዲራቸው ላይ በቀቀን አይቻለሁ።

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ሲስሩ ትባላለች፣ ደረቷ ወይን ጠጅ ነው፣ ከዚች ደሴት ሌላ የትም የለችም። ከማሪያ በፊትም ትንሽ ነበሩ፣ ከዛ በኋላማ ማየት ብርቅ ሆነ። እኔ ያየሁት ጃኮ የምትባለዋን፣ ትንሿን በቀቀን ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተሳደቡ ሲበሩ።

አሳ ነባሪ ግን አየሁ! ስፐርም ዌል የሚባለው ትልቅ ጭንቅላት ያለው፣ እዛ ዓመቱን ሙሉ ነው ያለው፣ አያት፣ እናት፣ አክስት፣ ልጅ አንድ ላይ፣ ወንዶቹ ሲያድጉ ይሄዳሉ። ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ ማይክ ነገር ውሃው ውስጥ ጣለና አሰማን። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅጠቅጠቅ። የዚያ አካባቢ አሳ ነባሪዎች መለያ እሱ ነው፣ ሌላ ቦታ ያሉት ሌላ ምት አላቸው። በ2023 ለነሱ ብቻ 800 ካሬ ኪሎሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ባህር ከልለናል ብለው አወጁ። ስሌቱን ሥሩት፣ ከደሴቷ ይበልጣል።

ቦሌ_ሚካኤል77፦
ፓስፖርት ይሸጣሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ለጓደኛዬ ነው 😅

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
እውነት ነው፣ ከ1993 ጀምሮ። አሁን ከ200 ሺህ ዶላር ይጀምራል። ጓደኛህን ሰላም በልልኝ።

ነጠላ_ጫማ፦
አሄዳድና ወጪ ባጭሩ?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ከማያሚ ቀጥታ በረራ አለ። ከጓዴሎፕና ከማርቲኒክ ደሞ ፌሪ። ኤርፖርቱ ሰሜን ምስራቅ ነው፣ ዋና ከተማዋ ሮዞ ደሞ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአንድ ሰአት በላይ ጠመዝማዛ ነው፣ ማስመለስ የሚቀናው ሰው ፊት ይቀመጥ። የሚነዱት በግራ ነው። ብሩ የምስራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.70፣ ከ1976 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም (ይሄንንም እንዳነበባችሁ አውቃለሁ ምንም አትበሉ)። ከየካቲት እስከ ግንቦት ዝናቡ ይቀንሳል፣ ይጠፋል አላልኩም። ዎተን ዌቨን የሚባል መንደር ፍል ውሃ አለ፣ ከሀይኪንጉ ማግስት እሱ ውስጥ ግቡ፣ ፍልውሃ ሰፈር ያደገ ሰው ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው።

ሙሽሪት_ዳላስ፦
ወሰንን። ሶስት ቀን ባርቤዶስ፣ አምስት ቀን ዶሚኒካ። እሱ ሀይቁን ካልሄድኩ ብሏል፣ እኔ ታች ፍል ውሃው ጋ እጠብቀዋለሁ።

ጥያቄ_አለኝ፦
ቆይ ግን ሻንጣው ተገኘ?

ሽሮሜዳ_ሜሪላንድ፦
ኧረ ሳልነግራችሁ! ሳምንቱን ሙሉ ስደውል ከርሜ ዛሬ ጠዋት "ሻንጣሽ መድረሻው ደርሷል" የሚል ሜሴጅ መጣልኝ። በር ከፍቼ አየሁ፣ የለም። ደወልኩ። ለካ መጀመሪያ ወደሄድኩበት ነው የላኩት፣ ዶሚኒካ! ትክክለኛዋ ዶሚኒካ! እኔ ከወጣሁ በአስራ አንደኛው ቀን። አከራዬ ልጇን ልካ አስወጣችው፣ ልብሶቼን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለች፣ በርበሬውም ደርሷታል።

አሁን በዋትሳፕ "ስንት ማንኪያ ነው የሚገባው?" አለችኝ። ለአንድ ድስት አንድ በቂ ነው ብዬ ሳልጨርስ የካላሉውን ፎቶ ላከችልኝ። ቀይ ነው።